ቴፑ ጠቁሯል፣ ቼክሊስቱም ሞልቷል፤ ታዲያ ቁስሉ ለምን ያመረቅዛል?

ጥያቄው፦ ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የኳሊቲ ዩኒት የሚያስተባብሩ ሲስተር እንዲህ ጽፈዋል። «ከሦስት ወር ወዲህ በኦፕሬሽን ከወለዱ እናቶች ውስጥ ቁስላቸው አመርቅዞ የሚመለሱት በዙብን። የቀዶ ጥገና ደህንነት ቼክሊስታችን 100 በመቶ ይሞላል። መሣሪያ በእንፋሎት የምናመክንበት ማሽን፣ አውቶክሌቩ፣ በየቀኑ ይሠራል፤ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) 15 ላይ አድርሰን 30 ደቂቃ እናቆየዋለን፣ በታሸገው መሣሪያና ጨርቅ (ፓክ) ላይ የሚለጠፈው አመልካች ቴፕም ይጠቁራል። መከላከያ አንቲባዮቲክም ለሁሉም ይሰጣል። ኮሚቴው ለሁሉም ሠራተኛ የኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና ይሰጥ ብሎ ወስኗል። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ ልብዎ አለመርጋቱ ትክክል ነው። ሥልጠናውን አይሰርዙት፤ ለጊዜው ግን ያቆዩት። ሥልጠና የሚያድነው አለማወቅን ነው፤ እርስዎ በጻፉት ውስጥ ደግሞ አለማወቅ አይታይም። ሁሉም የታዘዘውን እያደረገ ነው። ችግሩ ቼክሊስቱ፣ ጌጁ፣ ቴፑና የመድኃኒት ካርዱ አራቱም አንድ ነገር መደረጉን ይመሰክራሉ እንጂ የተደረገው ነገር ሥራውን መሥራቱን አይመሰክሩም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታው ድረስ ሄደው በዓይንዎ፣ በሰዓትና በቴርሞሜትር ይፈትኑት። ከሁሉም በፊት ዓይኔ ያረፈው በአንዲት ቁጥር ላይ ነው፦ 15።

ደሴ ላይ 15 ማለት

ጀርም የሚገድለው እርጥብ ሙቀት ነው። ግፊቱ እንፋሎቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ለመውሰድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ተራ ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎፓስካል ገደማ ይጫናል፤ የጌጁ 15 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ ነው፤ በኪሎፓስካል 103 ይሆናል) ሲጨመርበት 204 ይሆናል። በዚያ ግፊት ንጹሕ እንፋሎት 121 ዲግሪ ይደርሳል። መመሪያው ላይ የተጻፈው 15 የመጣው ከዚያ ነው።

ደሴ ግን ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የውጭው አየር 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። 75 እና 103 ሲደመር 178 ነው፤ በ178 ኪሎፓስካል እንፋሎቱ የሚደርሰው 116 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ነው። ይህን ለማመን ፊዚክስ አያስፈልግም፦ ደሴ የተጣደ ንፍሮ ኮምቦልቻ ከተጣደው ዘግይቶ እንደሚበስል የማያውቅ የወሎ እናት የለችም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አምስት ዲግሪ ምን አላት ይባል ይሆናል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ስፖር የሚባሉትን ሙቀት የሚቋቋሙ ጀርሞች ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ በ10 እጥፍ ይረዝማል፤ በ5 ዲግሪ ሲወርድ በሦስት እጥፍ ገደማ። ስለዚህ በ116 ዲግሪ ያቆዩት 30 ደቂቃ የሚሠራው 121 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ የሚሠራውን ያህል ነው። ቴፑ ግን ያው ይጠቁራል፤ የቴፑ ቀለም ፓኩ ሙቀትና እንፋሎት እንዳገኘው እንጂ ስቴራይል (ከጀርም ሁሉ የጸዳ) እንደሆነ አይናገርም።

121 ዲግሪ ለማግኘት ደሴ ላይ ጌጁ 19 ፒኤስአይ ገደማ (1.3 ባር)፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከተማዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 18 ገደማ ማሳየት አለበት። በቃል ለመያዝ፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፒኤስአይ ይጨመራል። በ134 ዲግሪ ለሚሠሩ ማሽኖችም ያው ነው፤ በባሕር ጠለል 30 የሚባለው ደሴ ላይ 33 ይሆናል።

ነገ ጠዋት ሄደው ጌጁን 19 ላይ እንዲያደርሱት ግን አይዘዙ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ያንብቡ፤ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ተጽፎበታል። ሴፍቲ ቫልቩ 18 ወይም 20 ላይ እንዲተነፍስ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቫልቭ ማስተካከል የባዮሜዲካል ባለሙያ ሥራ ነው፤ በሽቦ ማሰር ወይም ክብደት መጫን ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ማሽን ይህ ችግር የለበትም። አዳዲሶቹ በግፊት ሳይሆን በሙቀት ሴንሰር ስለሚመሩ 121 እስኪደርሱ ሰዓቱን አይጀምሩም፤ አንዳንዱ ጌጅ ደግሞ የውጭውን አየር ጨምሮ ጠቅላላውን ግፊት ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ጥያቄው «ጌጁ ስንት ይላል?» መሆኑ ቀርቶ «ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?» ይሁን። በእርዳታ የመጣ፣ ማኑዋሉ የጠፋና ቴርሞሜትሩ የተሰበረ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዎን እጥፍ ያድርጉት። ቴርሞሜትር የሌለው አውቶክሌቭ ጨው እንዳልተቀመሰ ወጥ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የሚታየው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ወይም የሙቀት መመዝገቢያ ከባዮሜዲካል ክፍል ይጠይቁ። ትልቁን የጨርቅ ፓክ ይፍቱና መሐል ለመሐል ያስገቡት፤ ፓኩን መልሰው አስረው ታች፣ አየር ወደሚወጣበት ቀዳዳ ቅርብ ያስቀምጡት። የማሽኑ ቀዝቃዛ ቦታ እዚያ ነው። እንደ ልማዳችሁ 15 ላይ 30 ደቂቃ አሠሩትና አውጥተው ያንብቡ። መሣሪያው ከሌለ የክፍል 5 ኬሚካል አመልካች በፓኩ መሐል ያስገቡ፤ እንደ ውጭው ቴፕ ሙቀት በነካው ቁጥር የሚቀየር ሳይሆን ጊዜ፣ ሙቀትና እንፋሎት ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ የሚያልፍ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ባዮሎጂካል አመልካቹ ነው፤ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የተባለው ስፖር ሞቷል ወይስ አልሞተም ብሎ ይናገራል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ደግሞ ሳይዘለል መደረግ አለበት።

ውጤቱ 121 ካልደረሰና ማሽኑም ከ15 በላይ የማይችል ከሆነ፣ ጊዜ በማስረዘም ማካካስ ይቻላል፤ ስሌቱ ግን በባዮሎጂካል አመልካች የተረጋገጠ ይሁን። «እስቲ አንድ ሰዓት እናድርገው» የሚለው ግምት በ116 ዲግሪ አይበቃም፤ ከላይ ባለው ሒሳብ የ30 ደቂቃው አቻ 95 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከከፍታው ሌላ በዚያው ክፍል የሚበላሹ ነገሮች

ትልቁ አየር ነው። ማሽኑ ውስጥ አየር ከታሰረ ጌጁ የፈለጉትን ያህል ይውጣ፣ ሙቀቱ አይደርስም፤ አየርና እንፋሎት ሲቀላቀሉ ግፊት እንጂ ሙቀት አይጨምርም። በእጅ በሚሠራ ማሽን ከሆነ ነጭ እንፋሎት ሳይቋረጥ ጠንክሮ እስኪወጣ ድረስ መተንፈሻው ክፍት ይቆይ፤ ከዚያ ይዘጋ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ ማሽኑ ከበራ ጀምሮ አይደለም። ለታሸገ ፓክ 30 ደቂቃ፣ ላልታሸገ መሣሪያ 20 ደቂቃ። በመሐል መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ከወረደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ «20 ደቂቃ ሄዶ ነበርና 10 ትቀረዋለች» አይሠራም። ደሴ ላይ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ስለምታውቁ ይህቺን ሕግ በትልቁ ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፏት።

ሌላው አጫጫን ነው። ማሽኑ ከሦስት አራተኛ በላይ አይሙላ፤ ፓኮቹ በጎናቸው ይቁሙ፣ በመሐላቸው እጅ ይግባ። ማጠፊያ ያለው መሣሪያ ሁሉ ተከፍቶ ይግባ። የድራም (ጨርቅና መሣሪያ የሚገባበት የብረት ዕቃ) ቀዳዳዎች ሲገቡ ክፍት፣ ሲወጡ ወዲያው ዝግ። አንድ የጨርቅ ፓክ ከ30 በ30 በ50 ሳንቲሜትርና ከ5 ኪሎ እንዳያልፍ፤ የጠበቀ ፓክ መሐሉ አይሞቅም።

እርጥብ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ፓክም አለ። እርጥብ ጨርቅ ጀርሙን ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ እርጥብ ፓክ እንደተበከለ ይቆጠራል፣ ተመልሶ ይገባል። የደሴ ብርድ ይህን ያባብሰዋል፤ ትኩስ ፓክ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ወይም ብረት ላይ ሲያርፍ ላቡ ከሥሩ ይጠራቀማል። በሩን ጣት በምታህል ክፍተት ከፍቶ 20 እስከ 30 ደቂቃ ማድረቅ፣ ከዚያ በሽቦ መደርደሪያ ላይ እስኪበርድ አለመንካት ነው መፍትሔው። ይህን የሚያፈርሰው ጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያው ደግሞ የሚመጣው ከኦፕሬሽን መሣሪያ ስብስብ (ሴት የምንለው) ቁጥር ማነስ ነው። የኦፕሬሽን ወሊድ የመሣሪያ ስብስባችሁን ይቁጠሩ። ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ ማሸጉ፣ ማሞቁ፣ 30 ደቂቃው፣ ማድረቁና ማቀዝቀዙ ተደምሮ አንድ ዙር ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች አይወርድም። ሦስት ስብስብ ብቻ ኖሮ በአንድ ሌሊት በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ድንገተኛ ኦፕሬሽን ቢመጣ፣ አራተኛዋ እናት እርጥብ ወይም ጊዜው ያልሞላ ፓክ ነው የሚደርሳት። ይህ ሲሆን የመሣሪያ ማምከኛ ክፍሏን (ሲኤስአር) ሠራተኛ መገሠጽ ከንቱ ነው፤ መፍትሔው አራተኛና አምስተኛ ስብስብ መግዛት ነው።

ስለ ማጠብ ጥቂት ልበል። ደም የደረቀበት መሣሪያ በየትኛውም አውቶክሌቭ ስቴራይል አይሆንም። ከኦፕሬሽን እንደወጣ እርጥብ ፎጣ ይልበስ፤ ቶሎ በሳሙና ውሃ ውስጥ በብሩሽ፣ በተለይ ማጠፊያው ላይ፣ ይታጠብ። መጀመሪያ በበረኪና መዘፍዘፍ የቆየ ልማዳችን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ማኑዋል ከማጠብ በፊት መሣሪያን በ0.5 በመቶ ክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም። ብረቱን ይበላዋል፤ የተበላ ብረት ደግሞ ደም ይይዛል። በረኪናው ለደም ለፈሰሰበት ወለል ይቅር፤ ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ፤ ባልዲው ላይ በቀለም ሁለት መስመር ይሰመርበት። በዓይን ግምት የተበጠበጠ በረኪና ወይ ሽታ ብቻ ነው ወይ እጅ የሚያቃጥል።

አንቲባዮቲኩ መቼ ተሰጠ?

«ለሁሉም ይሰጣል» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ምላጩ ቆዳ ሲነካ ሥጋው ውስጥ ከቀደመ ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ ምልክት ማድረጉን ትታችሁ ሁለት ሰዓቶች ብቻ ጻፉ፦ መርፌው ያለቀበትና ቆዳ የተቀደደበት። ልዩነቱ ከ60 ደቂቃ በታች፣ መርፌውም በፊት መሆን አለበት።

የሰዓት ነገር እኛ ዘንድ የራሱ ወጥመድ አለው። ዋርድ ያለችው ሚድዋይፍ በሐበሻ ሰዓት «8፡10» ብላ ትጽፋለች፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው አንስቴቲስት ከሞኒተሩ አይቶ «14፡25» ይላል። እውነቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስድስት ሰዓት ከሩብ ይመስላል። ሞኒተሩ በ12 ሰዓት አቆጣጠር «2፡25» ብሎ የጻፈ ለታ ደግሞ ይህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚለየው የለም። ኦፕሬሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ይሰቀል፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ፣ ሁሉም ከዚያ ብቻ ይገልብጥ።

የ20 ተከታታይ ኦፕሬሽኖች ሁለት ሁለት ሰዓት ሲሰበስቡ ሦስት ዓይነት ስህተት ሊያገኙ ይችላሉ። አንደኛው፣ ዋርድ ላይ «ልትጠራ ነው» ሲባል መርፌው ይሰጣል፤ ከዚያ ሌላ ድንገተኛ ይገባና እናቲቱ ሁለት ሰዓት ትጠብቃለች። ሁለተኛው የድሮው ልማድ ነው፤ እትብቱ ከታሰረ በኋላ መስጠት። ያ ለሕፃኑ ተብሎ የነበረ ነው፤ አሁን የሚመከረው ከመቅደድ በፊት ነው። ሦስተኛው «ከውጭ ግዙ» ተብሎ ባልየው ወደ ፒያሳ ፋርማሲ ሲሮጥ መድኃኒቱ ከኦፕሬሽኑ በኋላ የሚደርስበት ነው።

ሦስቱንም የሚፈታ አንድ ነገር አለ፦ መድኃኒቱን ከዋርድ አውጥቶ ኦፕሬሽን ክፍል ማስገባት። በአንድ ላስቲክ ውስጥ ሴፋዞሊን 2 ግራም (ብልቃጡ 1 ግራም ከሆነ ሁለት)፣ ማሟሚያ ውሃ፣ ሲሪንጅና መርፌ፤ አሥር እንዲህ ዓይነት ላስቲክ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ አንስቴቲስቱ ዘንድ። ያገለገለው በማግስቱ ጠዋት በፋርማሲ ይተካል፤ ሒሳቡ በካርዱ ይወራረዳል። አለርጂ ጠይቆ፣ ማደንዘዣው ሲዘጋጅ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቀስ አድርጎ በደም ሥር ይሰጣል። ሴፋዞሊን ከሌለ የሆስፒታላችሁ ፕሮቶኮል የሚለውን ተጠቀሙ፤ ለኦፕሬሽን ወሊድ የሚመረጠው ግን አንደኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪን ወይም ፔኒሲሊን ነው። ደም ከ1.5 ሊትር በላይ ከፈሰሰ ወይም ሥራው ከአራት ሰዓት ካለፈ ሴፋዞሊኑ ይደገማል። ከዚያ ውጭ አንድ ዶዝ ይበቃል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ተብሎ ለሰባት ቀን ኪኒን መስጠት የዘገየውን መርፌ አይተካውም፤ ተቅማጥና የተላመደ ጀርም ነው ትርፉ።

በዚሁ እግረ መንገድዎን ሁለት ነገር ይዩ፦ ፀጉር በምላጭ ይላጫል ወይ (ምላጭ ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ ካስፈለገ በክሊፐር ይከርከም)፣ አልኮል ያለበት የቆዳ ማጽጃስ እስኪደርቅ ይጠበቃል ወይ። ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሳይደርቅ የኦፕሬሽኑ ጨርቅ ከተደረበበት ጀርሙን አይገድልም፣ ኮተሪ (በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል መሣሪያ) ካለ ደግሞ እሳት ይነሣል።

መቶ በመቶ የሞላ ቼክሊስት

የዓለም ጤና ድርጅት ቼክሊስት 19 ነጥቦች አሉት፤ በሦስት ማቆሚያ ይነበባል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቅደድ በፊት፣ እናቲቱ ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት። እ.ኤ.አ. በ2009 በስምንት አገር ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ፤ ዓለም ሁሉ ወረቀቱን አባዛ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ቼክሊስቱ በግዴታ የገባባቸው 101 ሆስፒታሎች ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ ሆስፒታሎቹ ግን እንሞላለን ብለው ሪፖርት ያደረጉት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ነበር። በእኔ ግምት ድንገተኛ ኦፕሬሽን በሚበዛበት ክፍል 100 በመቶ የሚል ሪፖርት የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስደነግጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ከሥራው በኋላ፣ ሻይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሞላው።

ስለዚህ ወረቀቱን አይቁጠሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ኦፕሬሽን፣ ከእነዚህ አራቱ የሌሊት፣ ጥግ ቆመው ይመልከቱ። የሚጽፉት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከመቅደድ በፊት ሁሉም እጁን አቆመ ወይ? ጥያቄዎቹ በድምፅ ተጠየቁ ወይ? መሣሪያ ከምታቀብለው ስክራብ ነርስ በቀር የመለሰ ሰው አለ ወይ? የማንንም ስም አይጻፉ። በመጀመሪያው ቀን ስላሉ ብቻ ሁሉም ይተጋል፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይረሱዎታል፤ እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው።

ማቆሚያው ካልሠራ ምክንያቱ በአብዛኛው ዕውቀት ሳይሆን ማፈር ነው። ወጣት ስክራብ ነርስ ለሲኒየር ሐኪም «ዶክተር፣ ይቁሙ» ማለት ይከብዳታል፤ አስተዳደጋችንም አይፈቅድላትም። በንግግር አይፈታም፤ በእቃ ይፈታል። ምላጩ ከእጀታው ተለይቶ ነርሷ ትሪ ላይ ይቀመጥ። «የእናቲቱ ስም? አንቲባዮቲክ በስንት ሰዓት ተሰጠ? የፓኩ የውስጥ አመልካች አልፏል?» ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ ምላጩ ይገጠማል፤ ይህን የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ፈርሞ ቢለጥፈው ነርሷ ሰው አላስቆመችም፣ ደንብ ነው ያስቆመው።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ ጨምሯል ወይ?

ይህን ወደ ኋላ ያመጣሁት አውቶክሌቩ የማይጠብቅ ስለሆነ ነው እንጂ በተራ መጀመሪያ ነው። ስንት ተመለሱ ብቻ አይቆጠርም፤ ከስንት የሚለው አብሮ ይቆጠራል። ለምሳሌ አምና 75 ኦፕሬሽን ተሠርቶ 6 ቢያመረቅዙ 8 በመቶ ነው፤ ዘንድሮ ከ120 ውስጥ 9 ከሆኑ 7.5 በመቶ ነው። ቁጥሩ አደገ፣ መጠኑ ቀነሰ። በሌላ በኩል ከለጋምቦ ወይም ከደላንታ የመጣች እናት በሦስተኛ ቀኗ ወጥታ ቁስሏ በአሥረኛው ቀን ቢፈነዳ የምትሄደው ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ ቅርቧ ጤና ጣቢያ ነው። እናንተ ዘንድ አትቆጠርም። ስለዚህ የሚያውቁት ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው ብለው ይነሡ።

መለያውን አንድ ያድርጉት፦ በተሠራች በ30 ቀን ውስጥ ከቁስሉ መግል የወጣ፣ ወይም ቁስሉ አብጦ፣ ቀልቶ፣ አሟት ሐኪም የከፈተው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ምቹ ነው፤ ጥቅምት 12 የተሠራች እናት 30ኛ ቀኗ ኅዳር 12 ነው። ጳጉሜን ሲገባ ብቻ ይጠንቀቁ። መዝገቡን ከሦስት ቦታ ይሙሉ፦ ከዳግም መተኛት፣ ከቁስል ማጠቢያ ክፍል (አብዛኛው እዚያ ነው የሚደበቀው) እና ከስልክ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነጥብ በካሬ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፣ መሐለኛውን መስመር ያስምሩ። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በአንድ ወገን ከዋለ የተለወጠ ነገር አለ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ቢዘል ስብሰባ አይጥሩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፓኩን ከእናቲቱ ጋር ማሰር ነው። ፓኩ ላይ በሚለጠፈው ቴፕ ላይ የማሽኑ ቁጥር፣ የዕለቱ ስንተኛ ዙር እንደሆነና ቀኑ ይጻፍ፦ «ማ2/ዙር 4/12-02»። ፓኩ ሲከፈት ቴፑ ተነሥቶ አንስቴዥያ ወረቀቷ ላይ ይለጠፍ። ዋጋው አንድ ማርከር ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያመረቀዙትን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ፣ ከማሽን 2 የወጡት ወይም የሌሊት ዙሮቹ ይበዙ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ያለዚያ የኮሚቴው ስብሰባ «የእጅ ንጽሕና ይመስለኛል»፣ «አይ፣ አስታማሚ ስለሚበዛ ነው» በመባባል ያልቃል።

እጅ ንጽሕናው ደግሞ አይረሳ፤ ግን ሥልጠና ሳይሆን ፈሳሹ መኖሩ ነው ጉዳዩ። ቧንቧው በጠፋ ቁጥር ሰው እጁን በምን ይታጠባል? ፋርማሲያችሁ መቀመም ይችላል፦ 96 በመቶ ኤታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ 10 ሊትር መሙላት፣ ከዚያ 72 ሰዓት ማቆየት። በየአልጋው ጫፍ ይንጠልጠል። በወር ስንት ሊትር እንዳለቀ መቁጠር፣ ቆሞ ሰው ከመቆጣጠር ይሻላል።

ፈተናው ከወደቀ

ፓኩ መሐል ያስገቡት ቴርሞሜትር 116 ካሳየ፣ ያን ቀን የሚሠራው ይህ ነው። ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በቃል ሳይሆን በወረቀት ያሳውቁ። ከዚያ ማሽን የወጣ በመደርደሪያ ላይ ያለ ፓክ ሁሉ ተሰብስቦ በሌላ፣ በተፈተነ ማሽን እንደገና ይግባ፤ ሌላ ከሌለ ኮምቦልቻም ሆነ ቦሩ ሜዳ ይጠየቅ፤ ቀጠሮ ያላቸው ኦፕሬሽኖች ይተላለፉ፣ የተፈተነው ፓክ ለድንገተኞች ይያዝ። ማን ነው ያጠፋው የሚለውን ጥያቄ አያስነሡ፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሠራተኛ የተነገራትን 15 ነው ያደረሰችው። እሷን ከቀጧት ነገ እርጥብ ፓክ ስታይ አትነግርዎትም።

ከዚያ ስልክ። ባለፉት 30 ቀናት የተሠሩትን እናቶች ዝርዝር ያውጡና ሁለት ሚድዋይፎች ይመድቡ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የባል ወይም የጎረቤት ነው፤ «ለእሷ ስጡልኝ» ብሎ ከራሷ መስማት ያስፈልጋል፤ ባል «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይዘጋዋል። አጠያየቁ፦ «እንደምን አለሽ እህቴ፣ ልጁስ? ቁስሉ የነካው ልብስሽ ይረጥባል? ይሸታል? ዙሪያው ሞቆ ቀልቷል? ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይልሻል? ምን ቀባሽበት?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ያለ ቁጣ ትጠየቅ፤ ቅቤም ይሁን ሌላ ነገር፣ ከተቆጧት ሁለተኛ አትናገርም። ለአንዱ እንኳ አዎ ካለች ዛሬውኑ ትምጣ፤ ካርድ ክፍል ሰልፍ ሳትይዝ በቀጥታ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል የሚወስዳት ሰው ስሙ ይነገራት፣ መንገዱ ከራቃት የቅርቧ ጤና ጣቢያ ተደውሎ ይነገረው። የደወለችው ሚድዋይፍ መልሱን፣ ቀኑንና ካርዱ ላይ ያለውን የኦፕሬሽን ቀን በአንድ መስመር ትጻፍ፤ ያልተነሣ ስልክ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደገም፣ ያኔ ሰው ቤቱ ይገባል።